ክሪስታል እናብቅል፦ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሎቻችን ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሎች
ግልባጭ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር፤ ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
ጉዳዩ፦ የማግኔት ክሪስታል ማብቀያ ክፍል እንዲከፈት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ መምህራንና ኃላፊዎች፣

የምጠይቀውን በቅድሚያ ልናገር። ቢያንስ በአንድ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ድርብርብ፣ ማለትም እንደ ወረቀት ንጣፍ በንጣፍ የሚላጡ፣ የማግኔት ክሪስታሎች የሚበቅሉበት አንድ ክፍል ይከፈት። አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። "የልህቀት ማዕከል" የሚል ሰሌዳም አያስፈልግም። አንድ ክፍል፣ ሁለት ፈርነስ (ከፍተኛ ሙቀት የሚሰጥ ምድጃ)፣ አንድ ቫኪዩም ፓምፕ (አየር ማውጫ)ና የኳርትዝ ቱቦ በእሳት መዝጋት የሚችል አንድ ጎበዝ ባለሙያ ለመጀመር ይበቃሉ።

ይህን ለምን እንደምጠይቅ ለማስረዳት ከ2017 ልጀምር። በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ ዓመት ሁለት ቡድኖች በጥቂት ሳምንታት ልዩነት አንድ ትልቅ ነገር አሳዩ። አንደኛው ሲያትል በሚገኘው የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ በሺያዶንግ ሹ፣ በኤምአይቲ ደግሞ በፓብሎ ሃሪዮ ኤሬሮ የተመራ ነው። ሌላው በርክሌይ ያለው የሺያንግ ዣንግ ቡድን ነው። የመጀመሪያው ክሮሚየም ትራይአዮዳይድ የሚባል ውህድ ወስዶ አንድ ንጣፍ ብቻ እስኪቀር ድረስ ላጠው። ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ነው። ያ አንድ ንጣፍ ብቻውን ማግኔት ሆኖ ተገኘ። የበርክሌዩ ቡድን ደግሞ በክሮሚየም፣ በጀርማኒየምና በቴሉሪየም ውህድ ሁለት ንጣፍ ላይ ተመሳሳይ ነገር አየ።

ማግኔት ማግኔት ነው፣ ቢሳሳ ምን ይገርማል የሚል ሰው ይኖራል። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። በማግኔት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ራሱ ትንሽ ማግኔት ነው። ትልቁ ማግኔት የሚገኘው ትንንሾቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ነው። ሙቀት ደግሞ ያናውጣቸዋል። የጠዋት የባንዲራ ሰልፍ አስቡ። እያንዳንዱ ተማሪ አጠገቡ ያለውን ልጅ ብቻ አይቶ ቢቆም፣ ሁሉም በጥቂት በጥቂቱ ቢዞር፣ የሰልፉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉት ልጆች ጀርባና ጀርባ ሊሰጣጡ ይችላሉ። ወፍራም ማግኔት ውስጥ ከላይም ከታችም ጎረቤት ስላለ ጥቂቷ ዝንባሌ ትታረማለች። በአንድ ንጣፍ ውስጥ ግን የሚያርም ጎረቤት ያንሳል። ዴቪድ መርሚንና ኸርበርት ዋግነር በ1966 ይህንኑ በሂሳብ አረጋገጡ። ሁሉም አቅጣጫ እኩል በሆነበት ስስ ንጣፍ ውስጥ፣ ሙቀቱ የቱንም ያህል ቢያንስ ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከመጨረሻው ቅዝቃዜ፣ በላይ እስከሆነ ድረስ ሰልፉ ይፈርሳል።

ቁልፉ ያለው "ሁሉም አቅጣጫ እኩል በሆነበት" የሚለው ላይ ነው። ላርስ ኦንሳገር ከዚያ ቀደም ብሎ በ1944 አቅጣጫው ሁለት ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ከሆነ፣ ሰልፉ በስስ ንጣፍም ላይ ሊጸና እንደሚችል በስሌት አሳይቶ ነበር። ክሮሚየም ትራይአዮዳይድ እንዲህ ያለ ባሕርይ አለው። በውስጡ ያሉት ከባድ የአዮዲን አቶሞች ትንንሾቹ ማግኔቶች ከንጣፉ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ያስገድዷቸዋል። ስለዚህ እስከ 45 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 228 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ፣ አንዱ ንጣፍ ማግኔትነቱን ይዞ ይቆያል። ወፍራሙ ክሪስታል የሚይዘው እስከ 61 ኬልቪን ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ እኔን አሁንም ይደንቀኛል።

ሌላም አለ። አንድ ንጣፍ ማግኔት ነው። ሁለት ንጣፍ ሲሆን አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይዞርና ማግኔትነታቸው ይጠፋፋል። ሦስት ሲሆን እንደገና ማግኔት ይሆናል። አንድ ንጣፍ ሲጨመርና ሲቀነስ ባሕርዩ የሚለዋወጥ ማግኔት ከዚያ በፊት በእጃችን አልነበረም።

አሁን ወደ ራሴ ነጥብ ልምጣ። እነዚህን ግኝቶች ስናነብ ዓይናችን የሚያርፈው በሌዘሩ፣ በማቀዝቀዣውና በታዋቂው ላቦራቶሪ ላይ ነው። ግን ክሪስታሉን ማን አበቀለው? የሲያትልን ክሪስታል ያበቀለው በኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሚሠራው ማይክል ማክጓየር ነው። የበርክሌዩ ክሪስታል የመጣው ከፕሪንስተን፣ ከሮበርት ካቫ ቡድን ነው። ያ ክሪስታል ባይኖር ኖሮ የሚላጥም የሚለካም ነገር አይኖርም ነበር።

ከዚህ የበለጠ ምሳሌም አለ። ግራፊንም (አንድ አቶም ብቻ የሚወፍር የካርቦን ንጣፍ) ሆነ ስስ ማግኔት የሚያጠኑ ቡድኖች ናሙናቸውን ከአየርና ከቆሻሻ ለመጠበቅ በቦሮን ናይትራይድ ንጣፎች መካከል ያሽጉታል። የዓለም ምርጥ የቦሮን ናይትራይድ ክሪስታል ለዓመታት የወጣው በጃፓን ፁኩባ ከተማ ከሚሠሩ ሁለት ሰዎች እጅ ነው። ታካሺ ታኒጉቺና ኬንጂ ዋታናቤ ይባላሉ። በግዙፍ መጭመቂያ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ያበቅላሉ፣ ይመረምራሉ፣ በዓለም ዙሪያ ላሉ በመቶ የሚቆጠሩ ቡድኖች ይልካሉ። ስማቸው የሌለበት የዘርፉ ትልቅ ጥናት ማግኘት ይከብዳል። እነዚህ ሰዎች ሁሉንም ነገር ልሥራ አላሉም። አንድ ነገር ከማንም በተሻለ ሠሩና ዓለም ወደ እነሱ መጣ።

እኛስ? እዚህ ላይ በግልጽ መነጋገር አለብን። በሀገራችን የጠጣር አካላት ፊዚክስ የሚያጠና ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ስሌት ነው። ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ያወርዳል፣ አንድ ውህድ ይመርጣል፣ የኤሌክትሮኖቹን ጉልበት ያሰላል፣ ይመረቃል። ስሌቱን አልንቅም። በአፍሪካ የኤሌክትሮን አወቃቀር ስሌት የሚያስተምረው አስኤስማ የተባለው ትምህርት ቤት በ2018 አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ምን ያህል ጎበዝ ወጣቶች እንዳሉን ታይቷል። የስታቲስቲካል ፊዚክስ ባህላችንም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆነው እስረኞችን ሳይንስ ያስተማሩት፣ በ2012 ከአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭ ሽልማት የተቀበሉት ሙሉጌታ በቀለ የዚህ ዘርፍ ሰው ናቸው። የጎደለን ሐሳብ አይደለም። የጎደለን ያሰላነውን ነገር በእጃችን ይዘን ማየት ነው። ተማሪዬ ስለ አንድ ማግኔት የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፎ ያንን ማግኔት ግን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ይህ ያሳዝነኛል።

ክሪስታል ማብቀል እንዴት ያለ ሥራ ነው? የተመረጡትን ንጥረ ነገሮች በዱቄት መልክ በትክክል ትመዝናላችሁ። በአንድ ጫፍ በተዘጋ የኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ትጨምራላችሁ። ጥቂት አዮዲን ትጨምሩበታላችሁ። አየሩን በፓምፕ ታወጡና ክፍቱን ጫፍ በኦክስጅን ችቦ አቅልጣችሁ ትዘጋላችሁ። ከዚያ ቱቦውን ሁለት የተለያየ ሙቀት ባለው ፈርነስ ውስጥ ታስተኛላችሁ። ለብዙዎቹ ውህዶች ሙቀቱ ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ነው። አዮዲኑ ንጥረ ነገሮቹን በትነት መልክ ከአንዱ ጫፍ እያነሳ ወደ ሌላው ይወስዳቸዋል። እዚያ ደርሰው በዝግታ ይረጋሉ። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ቱቦው ሲሰበር፣ ሁሉም ነገር ከተሳካ፣ ሚሊሜትሮች የሚሰፉ የሚያብረቀርቁ ስስ ዝርግ ክሪስታሎች ይወጣሉ።

የሚቀጥለው እርምጃ ተማሪ ሁሉ የሚችለው ነው። ክሪስታሉን ስኮች ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ስኮቹን ታጥፋላችሁ፣ ትገልጣላችሁ። ደጋግማችሁ። በየጊዜው ይሳሳል። በመጨረሻ ስኮቹን ኦክሳይድ በተቀባ የሲሊከን ቁራጭ ላይ ትጫኑትና ትልጡታላችሁ። በተራ ማይክሮስኮፕ ስታዩት ወፍራሙ ቁራጭ በአንድ ቀለም፣ ስሱ በሌላ ቀለም ይታያል። ልምድ ያለው ዓይን ቀለሙን አይቶ ስንት ንጣፍ እንደሆነ ይገምታል። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በ2004 ማንቸስተር ላይ ግራፊንን ያገኙት በዚሁ ዘዴ ነው። በ2010 ኖቤል ተሸለሙ።

የትኛውን ክሪስታል እንጀምር? ክሮሚየም ትራይአዮዳይድን አልመክርም። አየር ሲነካው ስሱ ንጣፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሻል። በአርጎን ጋዝ የተሞላ ግለቭ ቦክስ፣ ማለትም እጅ በጓንት የሚገባበት አየር የማያስገባ ሳጥን፣ ይፈልጋል፣ ማግኔትነቱን ለማየት ደግሞ ፈሳሽ ሂሊየም የሚያህል ቅዝቃዜ ያስፈልጋል። ይህ ለእኛ አሁን ውድ ነው። እኔ የምመክረው ሁለት ነው።

አንደኛው የብረት፣ የፎስፎረስና የሰልፈር ውህድ ነው። ንጥረ ነገሮቹ ብርቅ አይደሉም። አየርን በደንብ ይቋቋማል። በ2016 በሴኡል የጄ-ጉን ፓርክ ቡድን አንድ ንጣፍ እስኪቀር ድረስ ውስጣዊ የማግኔት ሰልፉ እንደማይፈርስ አሳይቷል። ይህ ጎረቤታሞቹ ተቃራኒ የሚዞሩበት አንቲፌሮማግኔት ነው። ሰልፉን እስከ 118 ኬልቪን ገደማ ይይዛል።

ሁለተኛው የብረት፣ የጀርማኒየምና የቴሉሪየም ውህድ ነው። ወፍራሙ ክሪስታል ከ220 ኬልቪን ገደማ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 53 ዲግሪ ጀምሮ ወደታች ሙሉ ማግኔት ይሆናል። በ2018 የሻንጋይ ፉዳን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በስስ ቁራጩ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል የሊቲየም አዮን አስገብቶ ማግኔትነቱን እስከ ክፍል ሙቀት ድረስ አደረሰው።

ሁለቱን የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን 77 ኬልቪን ነው። ለሁለቱም ከበቂ በላይ ይቀዘቅዛል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ደግሞ ሀገራችን ውስጥ አለ! የከብት ማዳቀያ ዘር የሚቀመጠው በእሱ ነው። ቃሊቲ ካለው ማዕከል ጀምሮ የአዳቃይ ባለሙያዎች በየገጠሩ የሚይዙት ያ የሚጨሰው ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ፊዚክስ ክፍላችን የሚፈልገው ፈሳሽ ነው። ትምህርት ክፍሎቻችን ከእንስሳት እርባታ ተቋማት ጋር አንድ ገጽ የመግባቢያ ሰነድ ቢፈራረሙ የማቀዝቀዣው ጥያቄ በአብዛኛው ተመለሰ ማለት ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ ማየት ይቻላል። የብረቱን፣ የጀርማኒየሙንና የቴሉሪየሙን ክሪስታል በቀጭን ክር አንጠልጥሉት። ጠንካራ ማግኔት አስጠጉለት። በክፍል ሙቀት ከቁም ነገር የሚገባ ስበት አያሳይም። ክሪስታሉን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነክራችሁ አውጥታችሁ ወዲያው አስጠጉት። ክሩ ወደ ማግኔቱ ይሳባል። ሲሞቅ ይመለሳል። የኩሪ ሙቀት የሚባለውን፣ ማግኔትነት የሚጠፋበትን ሙቀት፣ በሰሌዳ ላይ ስንጽፍ የኖርነው እኮ ይህ ነው። በእጅ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ፣ ተርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ)ና መልቲሜትር ቢጨመር ተማሪው ሙቀቱን ራሱ ለክቶ በግራፍ ማስቀመጥ ይችላል።

ጥቅሙስ ምንድን ነው? አሁን በገበያ ላይ ከእነዚህ ስስ ማግኔቶች የተሠራ ዕቃ የለም። ይህን ደብቄ ገንዘብ እንድትመድቡ አልጠይቅም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። የኮምፒውተራችን ዋና ማስታወሻ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። በመብራት መቆራረጥ ያልጨረስነውን ሥራ ያጣን ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። በማግኔት የሚሠራ ማስታወሻ ግን አይረሳም፤ የማግኔቱ አቅጣጫ ያለ ኤሌክትሪክ ይቆያል። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ዛሬም አለ፣ ግን አቅጣጫውን ለመገልበጥ ብዙ ኃይል ይፈጃል። ስስ ማግኔቶች እዚህ ላይ ተስፋ ይሰጣሉ። በ2018 የክሮሚየም ትራይአዮዳይድን የሁለት ንጣፍ ባሕርይ በቮልቴጅ ብቻ መቀየር እንደሚቻል ታየ። በዚያው ዓመት አራት ንጣፉን በግራፊን መካከል ያሸገ ቡድን በከፍተኛ ቅዝቃዜ የኤሌክትሪክ መከላከያው (ጅረትን የመግታት አቅሙ) በማግኔት መስክ እስከ 19,000 በመቶ ሲቀየር ለካ። ቅዝቃዜው ትልቁ እንቅፋት ነበር። በ2022 ግን የብረት፣ የጋሊየምና የቴሉሪየም ውህድ ከክፍል ሙቀት በላይ፣ ከ350 ኬልቪን አልፎ ማግኔት ሆኖ እንደሚቆይ ታወቀ። በ2024 ኤምአይቲ ውስጥ የዴብሊና ሳርካር ቡድን ይህንኑ ማግኔት በክፍል ሙቀት በኤሌክትሪክ ጅረት ብቻ ገለበጠው።

ከግኝት እስከ ገበያ ምን ያህል ይፈጃል ለሚል አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። አልበርት ፌርና ፒተር ግሩንበርግ ስስ የማግኔት ድርብርብ ላይ ትልቁን የመከላከያ ለውጥ ያገኙት በ1988 ነው። አይቢኤም በ1997 ሃርድ ዲስክ ውስጥ አስገባው። ሁለቱ በ2007 ኖቤል ተሸለሙ።  የአሁኑ ዘርፍ ገና ልጅ ነው። አሁን የገባ ሰው ዘግይቷል አይባልም።

እንቅፋቶቹን አውቃቸዋለሁ። የማውቀው አንድ ተማሪ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት የኳርትዝ ቱቦዎችን አዝዞ፣ ግዥው ከፎርም ወደ ፎርም ሲዞር፣ የውጭ ምንዛሪው ሲጠበቅ፣ ሳይደርሱለት ወደ ስሌት ዞረ። ቱቦዎቹ ርካሽ ነበሩ። ውድ የሆነው መጠበቁ ነበር። ስለዚህ ለሁለቱ ሚኒስቴሮች የማቀርበው ጥያቄ ከገንዘብ በፊት ይህ ነው። ለትንንሽ የምርምር ግብዓቶች፣ ለኬሚካል፣ ለቱቦ፣ ለሲሊከን ቁራጭ፣ የተለየ አጭር የግዥ መንገድ ይዘጋጅ። አንድ ቱቦ ለመግዛት የአንድ መኪና ያህል ሰነድ አይጠየቅ።

ስለ ደኅንነትም ቸል እንዳይባል አደራ እላለሁ። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ፎስፎረስ፣ ሰልፈርና አዮዲን ሲሞቁ ግፊታቸው ይጨምራል፤ በችኮላ የሞቀ ቱቦ ይፈነዳል። ቀስ እያሉ ማሞቅ፣ ፈርነሱን ከጭስ መሳቢያ አጠገብ ማድረግ፣ የዓይን መነጽር መልበስ የግድ ነው። ቴሉሪየም መርዛማ ነው። ሰውነቱ ውስጥ የገባበት ሰው እስትንፋሱ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ይህ የጥንቃቄ ጉድለት ምልክት ነው። የኬሚስትሪ ክፍሎችን በዚህ ደብዳቤ አብሬ የጠራሁት ለዚህ ጭምር ነው። የፊዚክስ ሰው ብቻውን ሊገባበት የሚገባ ሥራ አይደለም። ቱቦ የሚዘጋው ባለሙያ ደግሞ "ላብ ቴክኒሻን" ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የሚከፈለው መሆን የለበትም። የእጅ ሙያው ከፒኤችዲ ጋር እኩል ዋጋ አለው፤ ደረጃውም ክፍያውም እንዲሁ ይሁን።

ክሪስታሉ ሲበቅልስ? ጥራቱን በኤክስሬይ እንፈትሽ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን የምንችለውን እንለካ፣ የማንችለውን ለሚችሉ እንላክ። ኪጋሊ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ መሠረታዊ ምርምር ተቋምና ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው የአብዱስ ሳላም ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል የቅርብ ወዳጆቻችን ናቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ በቁሳቁስ ሳይንስ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ በነዳጅ ሴል ምርምር ዓለም የሚያውቃቸው የኖርዝዌስተርኗ ሶስና ኃይሌ አንዷ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ክሪስታል ማብቀል የሚያውቅ አንድ ሰው ለአንድ ክረምት መጥቶ የመጀመሪያዎቹን ቱቦዎች ከእኛ ልጆች ጋር ቢዘጋ፣ ከብዙ ዎርክሾፕ የበለጠ ይጠቅመናል።

ከትምህርት ክፍሎቹ የምጠብቀው መልስ ይህ ነው። ፈርነስ ያላችሁ፣ ከሥራ ውጭ የሆነም ቢሆን፣ አሳውቁ። ብዙ ቦታ ለሴራሚክ ወይም ለማዕድን ምርምር የተገዛ ፈርነስ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ቫኪዩም ፓምፕ ያላችሁ፣ የመስታወት ሥራ የሚያውቅ ሰው ያላችሁ አሳውቁ። የሦስተኛ ዓመት የማግኔት ኮርስ የምትሰጡ መምህራን በ2017 የሆነውን ነገር በመጪው ሴሚስተር አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡት። ሁለቱ ሚኒስቴሮች ደግሞ ክፍሉ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ቢከፈት እንደሚሻል ለመወሰን የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍሎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይጥሩ። ቦታው ከተወሰነ የመጀመሪያውን የብረት፣ የፎስፎረስና የሰልፈር ቱቦ ለመመዘን እኔም ከተማሪዎቼ ጋር እመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር